የወደቁት ፊዚክስ ነው ወይስ እንግሊዝኛ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ከመሪው ሥር ባለችው ኪስ አንድ የተጨማደደ መጽሐፍ ሸጉጦ ነበር። ያለፉት ዓመታት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች ከነመልሳቸው የታተሙበት፣ በየመጽሐፍ አዟሪው እጅ የሚገኘው ዓይነት ነው። ልጁ በ2015 ዓ.ም. ተፈትኖ አላለፈም። ከሥራ በተረፈው ሰዓት እያነበበ በግል እንደገና ለመፈተን አስቧል።

ፊዚክስ እንደሚወድ ነገረኝና ሳልጠይቀው ስለ ኢነርሺያ ያስረዳኝ ጀመር። "አሁን ድንገት ፍሬን ብይዝ እርስዎ ወደ ፊት ይወረወራሉ አይደል ጋሼ? ባጃጁ ቆመ እንጂ የእርስዎ ሰውነት መሄዱን አልተወማ። ኩርባ ላይ ወደ ጎን የተገፉ የሚመስልዎትም ለዚያ ነው።" ስንቆም መጽሐፉን ተቀብዬ ስለዚሁ ጉዳይ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ፈለግኩለት። ጥያቄው ብቻውን ስድስት መስመር ነው። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አንድም ቃል አልሳተም። ከዚያ ዝም አለ። ገባህ ወይ ስለው "አነበብኩት እኮ ጋሼ" አለኝ። ጥያቄውን በአማርኛ ስነግረው ግን ሳልጨርስ "ሲ ነው" አለ። ትክክል ነበር።

ይህ ልጅ "ፊዚክስ ወደቀ" ተብሎ ሲመዘገብ የተለካው ምኑ ነው? ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ቁጥሮች አንባቢ ያውቃቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። በ2017 ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች 48,929ኙ አለፉ፤ 8.4 በመቶ ማለት ነው። እየተሻሻለ ነው ተብሏል፤ እውነትም ነው። ግን ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚወድቅበት ፈተና ሆኖ ቀጥሏል። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ።

የመንግሥት ማብራሪያ ኩረጃው ስለቆመ እውነተኛው ውጤት ወጣ የሚል ነው። ይህን ክፍል እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት የነበረውን ያየ ሰው ሊክደው አይችልም። ግንቦት 2008 ላይ የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ አገር አቀፍ ፈተናው ተሰርዟል፤ ተማሪው ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና ተቀምጧል። በቀጣዩ ዓመት ለፈተና ሲባል የአገሩ ኢንተርኔት ተቋርጧል። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ተማሪው ስልኩን ጥሎ፣ ተፈትሾ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ እንዲፈተን መደረጉ ለጎበዙ ልጅ ፍትሕ ነበር። በሌላው መልስ የሚያልፍ ልጅ የደሀውን ጎበዝ ልጅ ወንበር ይዞ ነበርና።

ነገር ግን የኩረጃው መቆም ቁጥሩ ለምን እውነተኛ እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ለምን ዝቅተኛ እንደሆነ አይነግረንም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ፈተናውን በሚመለከት ሥልጣን ያላቸውን አንድ ኃላፊ አግኝቼ የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነው፦ በእንግሊዝኛ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች በፊዚክስ፣ በባዮሎጂ፣ በጂኦግራፊ ስንት አመጡ? በእንግሊዝኛ ያለፉትስ? እያንዳንዱ የመልስ ወረቀት በማሽን ስለሚታረም መልሱ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ኃላፊው "መረጃው በሥርዓቱ ይለቀቃል" አሉኝ። መቼ? "ደብዳቤ ይዘህ ና።" ደብዳቤውን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሱም።

የፈተናውን ወረቀት ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን እንግሊዝኛ የሚፈተነው በአንድ ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ያስተውላል። ስሙ እንግሊዝኛ የሆነው አንዱ ነው። አፕቲትዩድ የሚባለው ሌላው ነው፤ የማሰብ ችሎታን ይለካል ቢባልም አንዱ ክፍሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ዝምድናና ተቃራኒ እየጠየቀ የሚሄድ ነው። የቀሩትም ሁሉ፣ ሒሳቡም ታሪኩም፣ ጥያቄያቸው በእንግሊዝኛ ነው። የአክሱምን ወይም የአድዋን ታሪክ አያቱ ያወጉት ልጅ እንኳ ታሪኩን የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ተጠይቆ ነው።

የእንግሊዝኛው ፈተና ራሱ ደግሞ ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዲጽፍ አይጠይቀውም። ምንባብ አለ፣ ሰዋስው አለ፣ ቃላት አለ፣ የሁለት ሰዎች ጭውውት ክፍት ቦታ ይሞላል፤ ሁሉም ከኤ እስከ ዲ ማጥቆር ነው። መናገር የለም፤ ማዳመጥ የለም። ውጭ አገር ለመማር አይኤልትስ የሚፈተን ልጅ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር በየራሳቸው ተለክተውለት ለእያንዳንዱ ከዘጠኝ ነጥብ ያገኛል፤ የት ላይ እንደደከመ ያውቃል። የእኛ ተፈታኝ አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ሌክቸር ሊያዳምጥና ሪፖርት ሊጽፍ የሚገባ ልጅ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ሳይለኩለት ይገባል፣ ወይም ሁለቱም ሳይለኩለት ይወድቃል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰሜን ሸዋና በአዲስ አበባ እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ዘንድ ሄጄ ነበር። ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውኛል። "እኔ ክፍል ገብቼ በእንግሊዝኛ ካስተማርኩ ልጆቹ ያዩኛል እንጂ አይሰሙኝም" አሉኝ። "በአማርኛ ካስተማርኩ ይሰሙኛል፤ ፈተናው ቀን ግን እኔ እዚያ የለሁም።" ስለ ፊዚክስ መምህሩስ? "እሱ እንግሊዝኛው የእኔ ሥራ ነው ይላል። እኔ ደግሞ የፊዚክስ እንግሊዝኛ አላስተምርም፤ መጽሐፌ ላይ ያለው ስለ ቱሪዝምና ስለ ጤና ነው። ልጁን ማን ያስተምረው?"

በእንግሊዝኛ መማርና መፈተን ከየት መጣ? ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚገኘው ታሪክ ከጠበቅኩት በላይ ረጅም ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት የፈረንሳይኛ እጅ ይበልጥ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም፣ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም የተማረው ትውልድ ከአውሮፓ ቋንቋዎች ይበልጡን የቀረበው ለፈረንሳይኛ ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲመለሱ መምህሩም መጽሐፉም እንግሊዝኛ ይዞ መጣ። ኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ጄኔራል ዊንጌት በእንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር፤ ከተማሪዎቻቸውም የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና የተፈተኑ ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመሩት ሉስየን ማት የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ናቸው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሰው በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሲመሩ ይታያችሁ።

ያኔ ግን ክፍሉ ትንሽ ነው። እንግሊዛዊ፣ ካናዳዊ፣ ሕንዳዊ መምህር ፊት የተቀመጡት ጥቂት ተመራጮች እንግሊዝኛውን ከመምህሩ አፍ ይሰሙ ነበር። ትምህርት ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ቋንቋው ባለበት ቀረ፣ መምህሩ ግን ተለወጠ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ ዘመን ልጁ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማር ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገና እንግሊዝኛን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያ አለው። ክልሎች ግን በየፊናቸው ሄዱ። ኦሮሚያና ትግራይ እስከ ስምንተኛ በራሳቸው ቋንቋ አስተማሩ፤ አማራ ክልል በሰባተኛና በስምንተኛ ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ አደረገ፤ ደቡብ ከአምስተኛ ክፍል ጀመረ።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማይሰማው አንድ ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት የየክልሉን የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሲያነጻጽር፣ በሒሳብና በሳይንስ የተሻሉት ስምንቱንም ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ሆነው ተገኙ። ቶሎ እንግሊዝኛ የጀመሩት አይደሉም የበለጡት። ባጃጅ የሚያሽከረክረው ልጅም ሳይንስን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከተማሩት ነው። እንግሊዝኛ ስናስቀድምለት እንግሊዝኛ ያወቀ መስሎን ነበር።

መፍትሔ አልተሞከረም አይባልም። በ1990ዎቹ አጋማሽ መምህራን የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠና ወስደዋል። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፕላዝማ መጣ፤ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተሠራጨ። የዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ አንባቢ ያስታውሰዋል፦ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የቴሌቪዥኑ ነው፣ የክፍሉ መምህር መግቢያና መውጫ ላይ ትንሽ ይናገራል። ጡረተኛው መምህር ሲያስታውሱት አሁንም ይናደዳሉ። "ቴሌቪዥን ውስጥ ያለችው መምህርት 'ገባችሁ?' ብላ ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ 'ጎበዝ!' ብላ ታልፋለች። ያልገባው ልጅ ሞልቶ 'ጎበዝ' የተባለበት ክፍል ውስጥ ቆሜ አውቃለሁ። ላስቆማት አልችልም፤ ደጋግሚው ልላት አልችልም። ያን ቀን ነው እንግሊዝኛው ከእጃችን የወጣው።" እኔ እንኳ ሁሉንም በፕላዝማ አላመካኝም፤ መምህር ባልነበረበት ገጠር የፊዚክስ ሙከራ ያሳየው እሱ ብቻ ነበር። መምህሩ ግን በቀላሉ አይለቁም፦ "ልጆቹ ሥዕሉን አዩ። ጥያቄው ሲመጣ ግን ሥዕል የለውም።"

የወደቀው ልጅ ወዴት ሄደ? የተወሰነው በሪሚዲያል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለአራት ወራት ያህል እንግሊዝኛና ሒሳብን ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ዳግም ይማራል። አቅም ያለው ቴክኒክና ሙያ ይገባል፤ ሌላው ሥራ ፍለጋ ይሰደዳል፣ ብዙዎቹ እህቶቻችንም ወደ ዓረብ አገር። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን አላረፈም፤ ሐምሌ 2015 ላይ በተሰጠው የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ነበሩ። እሱም በእንግሊዝኛ ነው።

ፈተናውን በየቋንቋው ተርጉሙት የሚል ሐሳብ ከብዙ ሰው እሰማለሁ። ስሜቱ ይገባኛል፤ መንገዱ ግን አያዋጣም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ፣ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ እያስተማረ ፈተናውን ብቻ መተርጎም ችግሩን ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት መምህር ማስተላለፍ ነው። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ማወቅ አለባቸው። የማልቀበለው፣ ሳናስተምራቸው በእያንዳንዱ ትምህርት ወረቀት ላይ መፈተናችንን ነው።

ሊደረግ የሚችለው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የፊዚክስ ጥያቄ ፊዚክስን እንዲለካ በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ ልጁ ከመጽሐፉ በሚያውቃቸው ቃላት ይጻፍ። እንግሊዝኛው ደግሞ እውነተኛ የቋንቋ ፈተና ይሁን፤ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ያስጽፍ። ስምንተኛ ክፍልን ሰኔ ላይ በራሱ ቋንቋ የጨረሰ ልጅ መስከረም ላይ በእንግሊዝኛ ኬሚስትሪ ከመጀመሩ በፊት የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጠው፤ የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት ለሳይንስ እንግሊዝኛ ይዋሉ። ጡረተኛው መምህር ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱን እኮ ሁሌም በስብሰባ እንላለን። ቃለ ጉባኤው ላይ አለ" አሉኝ።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን መረጃው ነው። የሚቀጥለው ውጤት ሲገለጽ ስንት አለፈ ብቻ አይነገረን። የእንግሊዝኛው ውጤት ከሌሎቹ ትምህርቶች ውጤት ጋር ተነጻጽሮ፣ በየትምህርት ቤቱ ይውጣ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ፈትኖ የወደቁበትን ምክንያት የማይነግር አገር የቀጣዩን ዓመት ልጆች በደል እያወቀ እየጠበቀ ነው። ወላጆችም ዘንድሮ ለወላጅ ስብሰባ ስትጠሩ ስለ መዋጮውና ስለ ደንብ ልብሱ ከመናገራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ልጄን ባዮሎጂ የሚያስተምረው መምህር የሚያስረዳው በምን ቋንቋ ነው? ፈተናውስ ላይ በዚያው ቋንቋ ይጠይቀዋል?