ቀድሞ የደረሰ የሚሸነፍበት የመኪና እሽቅድምድም

ወጣትነትና ፍጥነት ተለያይተው አያውቁም። በፈረስ ዘመን ፈረሱን ኮልኩሎ ጓደኛውን ለመቅደም ያልተመኘ ጎበዝ እንዳልነበረ ሁሉ፤ በመኪና ዘመንም መሪ የጨበጠ ወጣት ልቡ ከመኪናው ቀድሞ ይሮጣል። ይህ ፍላጎት በራሱ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ሕፃን በሚሻገርበት፤ ሽማግሌ በሚያዘግምበት በሕዝብ መንገድ ላይ ሲፈጸም ነው። እንግዲህ ጥያቄው ወጣቱን «አትሽቀዳደም» ብሎ መገሠጽ ብቻ ይበቃል? ወይስ የሚሽቀዳደምበትን ስፍራና የሚተዳደርበትን ሕግ ማበጀት ያስፈልጋል? የሚለው ነው።

በአሜሪካ አገር ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ድራግ ሬስ የተባለው እሽቅድምድም ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ጀማሪ ሰው ወደዚህ ስፖርት እንዴት እንደሚገባ፤ ምን እንደሚጠበቅበትና ምን እንደሚያተርፍበት ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ድራግ ሬስ ማለት ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ከቆሙበት ተነሥተው በቀጥተኛ አስፋልት ላይ የሚወዳደሩበት ጨዋታ ነው። ኩርባ የለውም፤ ዙርም የለውም። የተለመደው ርቀት ሩብ ማይል፤ ማለት 402 ሜትር ያህል ነው። የዚህን ግማሽ ብቻ የሚያስሮጡ ሜዳዎችም ብዙ ናቸው። ከመጨረሻው መስመር በኋላ ደግሞ መኪናዎቹ ፍጥነታቸውን የሚያበርዱበት ረዥም መንገድ ይቀጥላል። አንድ ተራ የቤት መኪና ሩብ ማይሉን በአሥራ አምስት ወይም በአሥራ ስድስት ሴኮንድ ያህል ይጨርሰዋል። ቡና አንድ ጊዜ ፉት እስኪባል ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት ነው።

ከመንገድ ወደ ሜዳ

የስፖርቱ መነሻ በካሊፎርኒያ የሚገኙት የደረቁ ሐይቆች ናቸው። በ1930ዎቹ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን እየፈቱ፤ ክብደታቸውን እየቀነሱና ሞተራቸውን እያደሱ እንደ ሙሮክና እንደ ኤል ሚራዥ ባሉት ጠፍጣፋ ስፍራዎች ላይ ፍጥነታቸውን ይፈትኑ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ወጣቶቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ግን እሽቅድምድሙ በከተማ ጎዳናዎች ላይ በሌሊት ይካሄድ ጀመር። አደጋ በዛ፤ ሕዝቡም ተቆጣ።

በ1950 በሳንታ አና ከተማ አጠገብ ሲ. ጄ. ሃርት የተባለ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ተከራይቶ፤ የሰዓት መለኪያ አቁሞ በየሳምንቱ መደበኛ ውድድር ማድረግ ጀመረ። በተከታዩ ዓመት፤ በ1951፤ የሆት ሮድ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበርን አቋቋመ። የማኅበሩም ዓላማ ፍጥነትን ማጥፋት ሳይሆን ሥርዓት ማስያዝ ነበር። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ውድድር በ1953 በፖሞና ከተማ ሲያደርግ የከተማው ፖሊስ ተቃዋሚ ሳይሆን ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። በ1954ም ጥቂት ባለሙያዎች መሣሪያቸውን በተሳቢ ጭነው ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፤ ውድድር ያለ አደጋ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስተምሩ ጀመር። መሪያቸውም የፖሞና ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። ትናንት ወጣቱን ሲያሳድድ የነበረው ዛሬ አስተማሪው ሆነ ማለት ነው።

የጀማሪው የመጀመሪያ ቀን

ብዙ ሰው ይህን ስፖርት ለመጀመር ልዩ መኪናና ብዙ ገንዘብ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሜዳዎቹ ለሙከራ ብቻ የተመደቡ ምሽቶች አሏቸው። በነዚህ ምሽቶች አንድ ሰው ጧት ወደ ሥራው የሄደባትን መኪና ይዞ፤ የመንጃ ፈቃዱን አሳይቶና የመግቢያውን ከፍሎ ሊሞክር ይችላል። ይሁን እንጂ ከመንዳቱ በፊት አንድ ምሽት ተመልካች ሆኖ ቢውል መልካም ነው። ነጂዎቹ መኪናቸውን ከሚያዘጋጁበት ስፍራ ገብቶ ቢጠይቅ አብዛኛዎቹ ደስ ብሏቸው ያስረዱታል።

መኪናው ወደ መስመሩ ከመቅረቡ በፊት መርማሪዎች ያዩታል። ባትሪው በደንብ ታስሯል ወይ? የጎማዎቹ ብሎኖች ጠብቀዋል ወይ? ጎማዎቹስ አላለቁም ወይ? ዘይት ወይም ውሃ ይንጠባጠባል ወይ? ፍሬኑና የደኅንነት ቀበቶው ይሠራሉ ወይ? እያሉ ይመረምራሉ። በመኪናው ውስጥ የተተወ ጠርሙስ ወይም መፍቻ ተንከባሎ ከፍሬኑ ሥር ሊገባ ስለሚችል፤ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ መውጣት አለበት። ነጂውም ረዥም ሱሪና ድፍን ጫማ ማድረግ ይገባዋል። በማኅበሩ ደንብ ሩብ ማይሉን በ13.99 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ መኪና ነጂ የተመሰከረለት የራስ ቁር መድፋት አለበት። መኪናው ይበልጥ እየፈጠነ በሄደ ቁጥር መኪናው ቢገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ቅስትና ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚታረም ጀማሪው የዓመቱን መጽሐፍ ማንበብ ይኖርበታል።

ከመነሻው መስመር በስተኋላ ውሃ የፈሰሰበት ስፍራ አለ። ባለ ልዩ ጎማዎቹ እዚያ ላይ ጎማቸውን በማሽከርከር አሙቀው ጭስ ሲያስነሡ ማየት ያስደስታል። በተራ ጎማ የሚነዳ ጀማሪ ግን ውሃውን ዞሮ ማለፍ አለበት። የጎማው ጥርስ ውሃውን ይዞ ወደ መነሻው ስለሚወስደው እርሱንም ተከታዩንም ያንሸራትታል።

የመብራቱ ትምህርት

በሁለቱ መኪናዎች መካከል «የገና ዛፍ» የሚባል ባለ ብዙ መብራት ምሰሶ ይቆማል። ሥራ ላይ የዋለው በ1963 ሲሆን፤ ከዚያ በፊት መኪናዎቹን ያስነሣ የነበረው ባንዲራ የያዘ ሰው ነው። መኪናው ቀስ ብሎ ሲጠጋ የፊት ጎማው በመንገዱ ላይ የተዘረጉትን የብርሃን ጨረሮች ተራ በተራ ያቋርጣል፤ ከላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶችም በቦታው መቆሙን ያመለክቱታል። ቀጥሎ ሦስት ብጫ መብራቶች በግማሽ ሴኮንድ ልዩነት አንዱ ካንዱ በታች ይበራሉ። ከመጨረሻው ብጫ ግማሽ ሴኮንድ በኋላ አረንጓዴው ይከተላል።

አረንጓዴውን አይቶ የሚነሣ ሰው ዘግይቷል። የሰው ዓይንና እግር፤ የመኪናውም ጎማ እስኪንቀሳቀስ ጊዜ ይፈጃሉና የለመደ ነጂ የመጨረሻው ብጫ እንደ በራ ነዳጅ ይሰጣል። ከአረንጓዴው በፊት ከጨረሩ የወጣ ግን ቀዩ መብራት ይበራበታል፤ በውድድር ቀን ከሆነ ያን ጊዜውኑ ተሸነፈ። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት እዚህ ላይ በአንድ አምፖል ይተረጐማል።

ሩጫው ሲያልቅ ነጂው ቀስ በቀስ ፍሬን ይዞ፤ ወደ ሌላው መስመር ሳይሻገር ወጥቶ በመመለሻው መንገድ ላይ ውጤቱ የታተመበትን ትንሽ ወረቀት ይቀበላል። ይህች ወረቀት የጀማሪው መምህር ናት። ከአረንጓዴው በኋላ ስንት ዘግይቶ እንደ ተነሣ፤ የመጀመሪያውን 60 ጫማ፤ ማለት 18 ሜትር ያህሉን፤ በስንት ሴኮንድ እንደ ጨረሰ፤ ሩብ ማይሉን በምን ያህል ጊዜና ፍጥነት እንዳጠናቀቀ ትነግረዋለች። ልብ ማለት የሚገባው ግን የሩጫው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው አረንጓዴው ሲበራ ሳይሆን መኪናው ከጨረሩ ሲለቅ ነው። ስለዚህ የነጂው ንቃትና የመኪናው ጉልበት ለየብቻ ይለካሉ።

ጀማሪው ደብተር ይዞ የጎማውን አየር፤ የቀኑን ሙቀትና የተገኘውን ሰዓት ሁሉ መጻፍ አለበት። አየር ሲሞቅና ሲሳሳ ተራ ሞተር ይደክማል። በዴንቨር ከተማ አጠገብ ከባሕር ወለል በላይ 1,770 ሜትር ያህል ላይ የነበረውና በ2023 የተዘጋው የባንዲሜር ሜዳ፤ ያው መኪና በባሕር ዳርቻ ከሚሮጠው ዘግይቶ የሚሮጥበት ስፍራ ነበር። ወደ እንጦጦ አቀበት ሞተሩ ሲያቃስት የሰማ የአዲስ አበባ ነጂ ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም።

ቃሉን የሚጠብቅ ያሸንፋል

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚገቡበት ውድድር ብራኬት ይባላል። በዚህ ውድድር እያንዳንዱ ነጂ መኪናው ሩብ ማይሉን በስንት ሴኮንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ተናግሮ ቁጥሩን በመስተዋቱ ላይ ይጽፋል። ዘገምተኛው በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይነሣል። ከተናገረው ጊዜ አሳጥሮ የጨረሰ ግን ይሸነፋል።

ምሳሌ እንስጥ። አንዱ 15.00፤ ሁለተኛው 13.50 ብለው ጻፉ እንበል። ባለ አሮጌው መኪና አንድ ሴኮንድ ተኩል ቀድሞ ይነሣል። እርሱ ከመብራቱ 0.12 ዘግይቶ ተነሥቶ በ15.04 ቢጨርስ ጠቅላላው 15.16 ይሆናል። ባለ ፈጣኑ 0.30 ዘግይቶ ተነሥቶ በ13.52 ቢጨርስ፤ የጠበቀው 1.50 ሲጨመርበት 15.32 ይሆናል። እንግዲህ ነቅቶ የተነሣው ባለ አሮጌው መኪና በ0.16 ሴኮንድ አሸነፈ። ነገር ግን ይኸው ሰው በ15.04 ፈንታ በ14.95 ቢጨርስ ኖሮ፤ ቀድሞ ቢደርስም እንኳ ከቃሉ ስላለፈ ድሉ የተቀናቃኙ ይሆን ነበር።

መኪናውን ከሆነው በላይ አድርጎ የተናገረ ተቀናቃኙን አይደርስበትም። ዝቅ አድርጎ የተናገረም በመጨረሻው መስመር ላይ ከቃሉ እንዳያልፍ ፍሬን መያዝ ግድ ይሆንበታል፤ በዚያች ቅጽበት ስሌቱ ከተበላሸ በገዛ ተንኰሉ ይወድቃል። ስለዚህ የሚያዋጣው ራስንና መኪናን በእውነት ማወቅ ነው። ጀማሪው ገንዘቡን በሞተር ላይ ከማፍሰሱ በፊት በዚያችው መኪና ደጋግሞ ሮጦ ሰዓቱ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ይኖርበታል።

አደጋ የለም አንልም። ታዋቂው ዶን ጋርሊትስ በ1970 ከፊቱ የነበረው ማርሽ ቤት ፈንድቶ የቀኝ እግሩ መዳፍ በከፊል ተቆረጠ። እርሱ ግን በተከታዩ ዓመት ሞተሩ ከነጂው በስተኋላ የሆነ መኪና ሠርቶ አሸነፈበት፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ2008 ስኮት ካሊታ በውድድር ላይ ከሞተ በኋላም ማኅበሩ እጅግ ፈጣን ለሆኑት መኪናዎች ርቀቱን ወደ 1,000 ጫማ፤ ማለት 305 ሜትር ያህል አሳጠረው። ደንቡ ከጉዳት እየተማረ የተጻፈ ነውና ጀማሪ ሊንቀው አይገባም።

ሜዳው ለወንዶች ብቻ የተተወም አይደለም። ሸርሊ ማልዳውኒ እጅግ ፈጣን በሆነው ክፍል በ1977፣ በ1980ና በ1982 የማኅበሩ የዓመቱ አሸናፊ ሆናለች። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ልጆች በትንንሽ መኪናዎችና ባጠረ ርቀት የሚወዳደሩበት ክፍል ተቋቁሟል።

ለትምህርት ወይም ለኑሮ ወደ አሜሪካ የሄደ ወጣት ወገናችን ልቡ ለፍጥነት ቢነሣሣ በሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ ሕይወቱንና የሌላውን ሕይወት ከማስያዝ ይልቅ የሙከራ ምሽት ያለውን ሜዳ ቢፈልግ ይሻለዋል። አገር ቤት ያለነውም ብንሆን ከዚህ ጨዋታ የምንወስደው አናጣም። ተማሪው ለፈተናው፤ ወጣቱ ሹም ለተሰጠው ሥራ «በዚህን ያህል ጊዜ እጨርሳለሁ» ሲል በመስተዋቱ ላይ ቁጥር ጻፈ ማለት ነው። በጉራ ከፍ፤ በስንፍናም ዝቅ ሳያደርግ የሚችለውን አውቆ ቢናገርና የተናገረውን ቢፈጽም፤ መኪናው አሮጌ ቢሆንም እንኳ ከባለ ፈጣኑ ሊቀድም ይችላል።