የታሪክ ሠዓሊው ያን ማቴይኮና የታሪክ ሥዕል በትምህርት ቤት

በታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ሥዕል በተማሪው ኅሊና የመቅረት ኃይሉ ከጽሑፉ ይበልጣል። ተማሪው ከብዙ ዓመታት በኋላ የንግሥናውን ዘመን ቢረሳም የንጉሡን መልክ ያስታውሳል። ይሁን እንጂ ያን መልክ ማን፣ መቼና በምን ማስረጃ ሣለው የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ እምብዛም አይነሳም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፖላንዳዊው የታሪክ ሠዓሊ በያን ማቴይኮ ሕይወትና ሥራ አማካይነት ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሠዓሊው ሕይወት

ማቴይኮ በ1838 በክራኮቭ ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ፖላንድ የተባለ ነጻ መንግሥት አልነበረም፤ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 አገሪቱን ተከፋፍለዋት ነበርና። ክራኮቭም ራሷን የቻለች ከተማ ሆና ከቆየች በኋላ በ1846 በኦስትሪያ ግዛት ሥር ወደቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ የኦስትሪያ ጦር ከተማይቱን በመድፍ ሲደበድብ ማቴይኮ ዐሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ሥዕልን በክራኮቭ፣ ቀጥሎም በሙኒክ ተማረ። ከ1873 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ማለትም እስከ 1893፣ የክራኮቭን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርቷል። እንደ ስታኒስዋቭ ቪስፒያንስኪና ያጼክ ማልቼቭስኪ ያሉ ስመ ጥር ሠዓልያን ከእርሱ ዘንድ ተምረዋል።

ማስረጃና ፍርድ

ማቴይኮ ከመሣሉ በፊት ማስረጃ ይሰበስብ ነበር። በ1860 ከ1200 እስከ 1795 በፖላንድ ይለበሱ የነበሩትን አልባሳት የሚያሳይ የሥዕል መድበል አሳተመ። በ1869 በቫቬል ካቴድራል የንጉሥ ካዚሚየሽ 3ኛ መቃብር በእድሳት ምክንያት ሳይታሰብ በተከፈተ ጊዜ፣ የንጉሡን አጽም፣ ዘውዱንና በትረ መንግሥቱን ነድፎ አስቀረ።

ነገር ግን የሥዕሎቹ ዓላማ ያለፈውን መቅዳት ብቻ አልነበረም። በ1862 በሣለው ሥዕል፣ የንጉሥ አጫዋች የነበረው ስታንቺክ ከግብዣው ተለይቶ ስለ አገሩ ሲተክዝ ይታያል፤ የአጫዋቹ ፊት ግን የሠዓሊው የራሱ ፊት ነው። በ1866 በሣለው ሥዕል ደግሞ የመጀመሪያውን የአገር ክፍፍል የተቀበሉትን መኳንንት አጋለጠ፤ በዚህም ከገዛ ወገኖቹ ብርቱ ወቀሳ ደረሰበት።

በ1878 ያጠናቀቀው የግሩንቫልድ ጦርነት ሥዕል ቁመቱ ከ4 ሜትር፣ ወርዱ ከ9 ሜትር ተኩል በላይ ነው። ጦርነቱ የተካሄደው በ1410 ስለሆነ በድርጊቱና በሥዕሉ መካከል 468 ዓመታት አሉ። በ1079 የሞተው ጳጳስ ቅዱስ ስታኒስዋቭ ከጦርነቱ በላይ በሰማይ ተንበርክኮ ይታያል። ይህ የአንድ የዓይን ምስክር ዘገባ ሳይሆን፣ መንግሥቱን ላጣ ሕዝብ የተላለፈ የተስፋ ቃል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ወራሪዎች ሥዕሉን አጥብቀው መፈለጋቸው፣ ፖላንዳውያንም በሉብሊን አካባቢ ከመሬት ሥር ቀብረው ማትረፋቸው፣ ቃሉ ምን ያህል እንደ ተሰማ ያመለክታል።

ማቴይኮ ከ1890 እስከ 1892 አርባ አራት የፖላንድ ነገሥታትንና መሳፍንትን በእርሳስ ሣለ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሚየሽኮ 1ኛ የሞተው በ992 ነው፤ በሕይወት ሳለ የተሣለ መልኩ አልተገኘም። ቢሆንም በየትውልዱ ያለ ፖላንዳዊ ተማሪ ስለ ሚየሽኮ ሲያስብ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ማቴይኮ የሰጠው ፊት ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ የምንረዳው የታሪክ ሥዕል ሁለት ዘመናትን በአንድ ጊዜ የሚናገር መሆኑን ነው፤ አንዱ የተሣለው ድርጊት የተፈጸመበት፣ ሌላው ሠዓሊው የኖረበት ዘመን ነው። በመሆኑም መምህሩ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያስቀድም ይገባዋል። ድርጊቱ መቼ ተፈጸመ፣ ሥዕሉስ መቼ ተሣለ? ከሚታየው ውስጥ በማስረጃ የተደገፈው የትኛው ነው? ሠዓሊው ለዘመኑ ሰዎች ሊነግር የፈለገው ምንድን ነው? ተማሪዎች የደብተራቸውን ገጽ ለሁለት ከፍለው በአንድ ወገን ማስረጃውን፣ በሌላው ወገን የሠዓሊውን ፍርድ ቢመዘግቡ ልዩነቱ ግልጽ ይሆንላቸዋል።

የአገራችን መምህር ለዚህ ልምምድ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቅዱስ ጊዮርጊስን በፈረስ ተቀምጦ ከጦርነቱ በላይ የሚያሳዩት የአድዋ ሥዕሎች በእነዚሁ ጥያቄዎች ሊመረመሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ሥዕል «ሐሰት» ብሎ ማለፍ፣ እንደ ፎቶግራፍ ከማመን ያላነሰ ስሕተት ነው፤ የሣሉትና የተመለከቱት ሰዎች ድሉን እንዴት እንደ ተረዱት የሚመሰክር ሰነድ ነውና።

የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም በእያንዳንዱ የታሪክ ሥዕል ግርጌ የሠዓሊውን ስምና ሥዕሉ የተሣለበትን ዓመት ቢያሰፍሩ፣ ወጪው ከአንድ መስመር ጽሑፍ አይበልጥም። ያ አንድ መስመር ከሌለ ግን ተማሪው የሠዓሊውን ፍርድ የራሱ የታሪክ እውቀት አድርጎ ይዞ ያድጋል።