የእሳት ራትና የሌሊት መዝገብ

የእሳት ራት በአማርኛ ስሟን ያገኘችው ከመጨረሻ ዕጣዋ ነው። በፋኖስ ዙሪያ ስትሽከረከር ቆይታ ከነበልባሉ ገብታ ስለምትቃጠል፣ የእሳቱ ራት ሆነች ተባለ። ወደ ጥፋቱ የሚሮጥ ሰውም በእርሷ ይመሰላል። ይሁን እንጂ ይህ ወደ ብርሃን የመምጣት ጠባይዋ በምሥራቅ አፍሪካ የገበሬውን እህል ከጥፋት ለመጠበቅ ሲያገለግል ኖሯል።

ነፍሳት በብርሃን የሚሳቡበት ምክንያት ለብዙ ዘመን አከራካሪ ነበር። አንዳንዶች መብራቱን ከጨረቃ ጋር ስለሚያምታቱት ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሙቀቱ ይስባቸዋል ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ግን ነፍሳቱ ሲበሩ በፈጣን ካሜራ የተነሡ ሥዕሎችን መርምሮ ሌላ መልስ አቀረበ። በሌሊት የሚበሩ ነፍሳት ላይና ታቹን ለመለየት ጀርባቸውን ወደ ብሩሁ አቅጣጫ ያዞራሉ። ሌሊት ከምድር ይልቅ ሰማዩ ብሩህ ስለሆነ ይህ ልማድ አያሳስታቸውም። መብራት በአጠገባቸው ሲበራ ግን ጀርባቸውን ወደ መብራቱ ይመልሳሉ፤ ሚዛናቸውም ተዛብቶ በዙሪያው ሲዞሩ ያድራሉ። እንግዲህ የእሳት ራት ከእሳት የምትገባው አቅጣጫ ጠፍቷት እንጂ ወድዳ አይደለም፤ ምሳሌውም ያለ በደሏ ሲከሳት ኖሯል ማለት ነው።

የእሳት ራትን በብርሃን ለመያዝ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨቶች መካከል ወጥሮ በፊቱ መብራት ማብራት ነው። የሚመጡት ነፍሳት በጨርቁ ላይ ሲያርፉ ያለ ችግር ይታያሉ፤ ይቆጠራሉም። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ መጠበቅ በማይችልበት ስፍራ ደግሞ ወጥመድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ሮቢንሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ያስተዋወቁት ወጥመድ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። ብርቱ የሜርኩሪ አምፖል በማንቆርቆሪያ ላይ ይቆማል፤ በመብራቱ ዙሪያ የሚዞሩት ነፍሳት በማንቆርቆሪያው ተንሸራተው ከሥር ካለው ዕቃ ይገባሉ፤ መውጫውም ይጠፋቸዋል። እንዲህ ያለው አምፖል የተመረጠው የሰው ዓይን የማያየውን፣ ነፍሳት ግን አጥርተው የሚያዩትን አልትራቫዮሌት የተባለ ጨረር አብዝቶ ስለሚሰጥ ነው። የጋለው ብርጭቆ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍበት ሊሰበር ስለሚችል ከላዩ መከለያ ይደረግለታል።

በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ዓይነት መብራት ከሁሉ አብልጣ ስትጠበቅ የኖረችው የተምች እናት ናት። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል የምትሆን፣ ግራጫማ ቡናማ፣ ለዓይን የማትስብ ፍጥረት ናት። ይሁን እንጂ በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕንቁላሎች ትጥላለች። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል የሣር ዘር የሆነውን ሁሉ ይበላል፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ሁሉ የሣር ወገን ስለሆኑ አይተርፉለትም። ማሳውን ሲጨርስ ጭፍራ ሆኖ እየተጓዘ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

የተምች ክፋቱ ዘግይቶ መታየቱ ነው። ዕንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ትንንሾቹ ትሎች አረንጓዴ ሆነው በቅጠሉ መካከል ስለሚሰወሩ ልብ የሚላቸው የለም። በብዛት ሲሆኑ አድገው ይጠቁራሉ፤ ገበሬውም ማሳው መወረሩን የሚያውቀው በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ትሉ ከዕድሜው ምግብ አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ቀናት በመሆኑ፣ መድኃኒትና መርጫ እስኪፈለግ ድረስ አዝመራው ያልቃል። ትሉ ግን ሳይፈለፈል በፊት እናቲቱ በመብራት ዘንድ ትታያለች። ከእርሷ መታየት ጀምሮ ያሉት እነዚያ ጥቂት ቀናት ለገበሬው ትልቅ ዋጋ አላቸው።

የተምች የእሳት ራቶች በነፋስ እየታገዙ በተከታታይ ሌሊቶች በመቶ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ይበራሉ፤ ዝናብ የያዘ ነፋስ በሚገናኝበት ስፍራም ይከማቻሉ። ወረራው ብዙ ጊዜ በታንዛኒያና በኬንያ ይጀምርና ዝናቡን ተከትሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢትዮጵያም ይዘልቃል። ስለዚህ በደቡብ የተቆጠረው ቁጥር ለሰሜኑ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ በየስፍራው የብርሃን ወጥመዶች ተተክለው የየሌሊቱ ቁጥር በናይሮቢ አቅራቢያ ወዳለው የሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ይላክ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትም ከአንበጣው ሌላ ተምችን መከታተል ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል።

ወጥመዱን መትከል ቀላል ነው፤ አድካሚው መዝገቡ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዕቃው ውስጥ የተገኙት በየዓይነታቸው ይለያሉ፤ ከብዙ ተመሳሳይ ነፍሳት መካከል የተምች እናት የሆኑት ብቻ ተመርጠው ይቆጠራሉ። ቀኑ፣ መብራቱ የበራበትና የጠፋበት ሰዓት፣ ዝናቡና ነፋሱ ይጻፋሉ። ሌሊት ሁለት ቀኖችን ስለሚያያይዝ በማታው ቀን ወይስ በጠዋቱ እንደሚጻፍ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ምንም ያልተያዘበት ሌሊት ዜሮ ተብሎ ይጻፋል እንጂ ባዶ አይተውም፤ ባዶ ቦታ መብራቱ ሳይበራ ቀርቶ እንደሆነ ወይም ጸሐፊው ረስቶ እንደሆነ አይናገርምና።

ጨረቃም ከመዝገቡ አትቀርም። እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ በብርሃን ወጥመድ ሲቆጥር የነበረው ሲ. ቢ. ዊልያምስ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን የሚያዙት ነፍሳት እንደሚያንሱ አሳይቷል። ሌሊቱ ሲደምቅ የመብራቱ ኀይል ይደክማል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት መቶ ተይዞ በዚህ ሳምንት አሥር ቢያዝ፣ ተባዩ ሄዷል ብሎ ከመደሰት አስቀድሞ ወደ ሰማይ ማየት ያስፈልጋል። ጨረቃን ያልጻፈ መዝገብ አደጋው በቀረበበት ሰሞን ሰላም ነው ብሎ ሊያስተኛ ይችላል።

ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተምች ጥበቃ በብርሃኑ ፈንታ በአብዛኛው የሽታ ወጥመድ ገብቷል። ይህ ወጥመድ እንስቷ ተባዕቱን የምትጠራበትን፣ ፌሮሞን የሚባለውን ሽታ አስመስሎ የያዘ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ በአብዛኛው የሚይዘውም የሚፈለገውን ዓይነት ተባዕት ስለሆነ የመለየቱን ድካም ያቃልላል። በታንዛኒያ በኪሎሳ ወረዳ የመንደር ገበሬዎች ራሳቸው እንዲህ ያለውን ወጥመድና የዝናብ መለኪያ ይዘው ለመንደራቸው ትንበያ መስጠት ችለዋል። ሆኖም የሽታው ወጥመድ አስቀድሞ የታወቀውን ተባይ ብቻ ይጠራል። በአንድ አገር ምን ያህል ዓይነት የእሳት ራት እንዳለ፣ የትኛውም እንደ በዛና የትኛው እንደ ተመናመነ ለማወቅ ለሚፈልግ ግን ዛሬም ነጩ አቡጀዲና መብራቱ ከሥራ አልወጡም።