ቱባን ማን ይሸከመው? የትልቅ የነሐስ መሣሪያ ቦርሳ አመራረጥ

ቱባ ስል የክር ቱባ ወይም «ቱባ ባህል» የምንለውን ማለቴ አይደለም። በማርሽ ባንድ ሰልፍ ውስጥ ሰፊ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ባንዱን ከሥር በወፍራም ድምፅ የሚደግፈውን ትልቁን የትንፋሽ መሣሪያ ነው የምለው። ቪፕሬክትና ሞሪትዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1835 በርሊን ውስጥ የፈጠራ መብቱን ካስመዘገቡ ወዲህ ቅርጹ ብዙ ተለዋውጧል፤ ሸክምነቱ ግን ያው ነው። በሀገራችንም የነሐስ ባንድ እንግዳ አይደለም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በ1916 ዓ.ም አዲስ አበባ ከገቡ እንኳ መቶ ዓመት አልፏል።

ስለ ባንድ ሲወራ ስለ ዜማው እንጂ ስለ መያዣው የሚያወራ የለም። እኔን ያሳሰበኝ ታናሽ ወንድሜ በሰፈር ማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ ነፊ ስለሆነ ነው። መሣሪያውን የተረከበው ፈርሞ ነው፤ ቢጎብጥ ተጠያቂው እሱ ነው። ልጆቹ ተዋጥተው ቦርሳ ሊያሠሩ ስለሆነ «እስቲ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ጠይቅልን» አሉኝ። ጠይቄ፣ ለክቼ ያገኘሁትን እነሆ።

ለመሆኑ ከምን ነው የምንጠብቀው? ነሐስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ቱባ ሲያዩት ግዙፍ ይምሰል እንጂ የተሠራበት ቆርቆሮ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጉዳቱ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ሰፊው አፍ ትንሽ ቢጎደጉድ ይበልጥ የሚበላሸው መልኩ ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር በጥቂቱ እንኳ ከጎበጠ ግን ፒስተኑ ይነክሳል፤ ያኔ መሣሪያው አለ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቦርሳ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው የፒስተኑን አካባቢ እንዴት እንደሚጠብቅ እንጂ ቀለሙን አይደለም።

ምርጫው በሁለት ይከፈላል፦ ጠንካራ ሣጥንና ለስላሳ ቦርሳ። ሣጥኑ በአውሮፕላን ወይም በጭነት መኪና ለሚሄድ መሣሪያ ተመራጭ ነው፤ ሌላ ዕቃ ቢጫንበትም ይችላል። ችግሩ ክብደቱ ነው። መደበኛ ቱባ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሣጥኑ ብቻውን ሌላ 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህንን ይዞ ታክሲ የሚሳፈር ልጅ አስቡት! ለስላሳው ቦርሳ በጀርባ ስለሚታዘል ሁለት እጅ ነፃ ይሆናል። ነገር ግን ከግጭት እንጂ ከጭነት አያድንም። ረዳቱ «ላይ ይጫን» ቢል ፖርቶ መጋላ ላይ መስጠት የለብንም፤ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍሎ አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል። እንግዲህ በእግርና በታክሲ ለሚጓዝ ለስላሳው፣ በጭነት ለሚሄድ ሣጥኑ ማለት ነው።

ቀጥሎ ልክ ነው። አምራቾች ቱባን 3/4፣ 4/4፣ 5/4 እያሉ ይሰይሙታል፤ ይህ ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በቁጥሩ ብቻ ቦርሳ መግዛት አያዋጣም። ሜትር ይዞ አራት ነገር መለካት ነው፦ ቁመቱን፣ የአፉን ስፋት፣ ፒስተኑ ባለበት በኩል ያለውን ወርድና ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ውፍረት። ለምሳሌ የአፉ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ስፖንጁ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ስፖንጁ በሁለቱም በኩል ስላለ 4 ይደመራል፤ ለማስገቢያ 1 ሲጨመር 50 ይሆናል። በጣም ከሰፋ መሣሪያው ውስጥ ለውስጥ እየተወዛወዘ ራሱን ይመታል፤ ከጠበበ ደግሞ ዚፑ ሲዘጋ ፒስተኖቹን ይጫናል።

ስፌቱም ይታይ። ማንገቻው ላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ከተሰፋ 10 ኪሎው ውሎ አድሮ ይቀደዋል። ጥሩው ማንገቻ በቦርሳው ሥር ዞሮ የሚያልፍ ነው፤ ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ክሩ ሳይሆን ጠፍሩ ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጠፍር ሰፊና ስፖንጅ ያለው ይሁን። ዚፑ መሣሪያውን እንዳይጭር ከውስጥ በኩል የጨርቅ ክዳን ያስፈልገዋል። መቀመጫው ወፍራም ጎማ ወይም ቆዳ ቢደረግበት መሬት ላይ ሲያርፍ አይበላም። ማውዝፒሱ ደግሞ ተነቅሎ በራሱ ኪስ ይቀመጥ፤ መሣሪያው ላይ እንዳለ ቢመታ እዚያው ተነክሶ ይቀራል።

ክረምቱንም አንርሳ። ሸራው ውኃ የማያስገባ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ግን እርጥበት ከውስጥም ይመጣል። ከቱባ የሚፈሰውን ውኃ ብዙ ሰው ምራቅ ነው ይለዋል። አብዛኛው ግን ትንፋሻችን ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ የሚጠራቀም ጤዛ ነው። ይህ ሳይደፋ ቦርሳው ከተዘጋ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ውኃውን አፍስሶ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ ማስገባት፤ ቤት ሲደርሱም ዚፑን ከፍቶ ማናፈስ ነው።

ተሠርቶ የመጣ ቦርሳ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ። ሸራውም፣ ስፖንጁም፣ ወፍራም ክር የሚችለው መኪናም እጃቸው ላይ ነው። ልኩን በወረቀት ብቻ ከመስጠት ግን መሣሪያውን ራሱን ይዞ መሄድ ይመረጣል። ወንድሜና ጓደኞቹ የወሰኑት ይህንኑ ነው።

በመጨረሻ ለገዢም ለአሠሪም አንድ ፈተና አለ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቱባውን አስገቡ፣ ዝጉ፣ እዘሉ፣ ደረጃ ውጡና ውረዱ። አፉ ከራስ በላይ ወጥቶ የበር ጉበን ይመታል? ፒስተኑ ጀርባን ይወጋል? ማንገቻው ይንሸራተታል? ከሦስቱ አንዱ ካለ ይስተካከል በሉ። እኛ ካሜራ ስንዋስ ቦርሳውን ቀድመን እናያለን፤ ለቱባ ነፊውም ያው ነው። ባንዶችም መሣሪያ ሲያስፈርሙ ቦርሳውን አብረው ቢያስረክቡ መልካም ነው፤ ያለ መያዣ የተሰጠን ዕቃ «ለምን ጎበጠ?» ብሎ ልጅን መጠየቅ ፍትሕ አይደለምና።