በወሰን ላይ ስለሚገኝ ሰው

ሰውን ለመርዳት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የችግሩን ስም ነው። ነገር ግን ስሙ ያልታወቀ ችግር ችግር መሆኑ አይቀርም። ይህም እውነት በተለይ የሚገለጸው ኦቲዝም በሚባለው ነገር ነው።

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ ያለ የአእምሮ አፈጣጠር ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ወይም ከክፉ አስተዳደግ የመጣ ጉድለት አይደለም። ዶክተር ሌዮ ካነር በአሜሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ስለ 11 ልጆች በጻፈ ጊዜ ነገሩ የሕፃናት ብቻ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ልጅ ያድጋል፤ ጠባዩም አብሮት ያድጋል።

ዐዋቂ ሰው ሲመረመር ነገሩን የሚገልጽ የደም ወይም የራጅ ምርመራ የለም። ሐኪሞች የልጅነቱን ታሪክ ይጠይቃሉ፤ ንግግሩንና አኳኋኑን ተመልክተው ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ ከወሰኑ ጥቂት ያነሰ እንደ ሆነ፣ «ምልክቱ አለ፤ ነገር ግን አልሞላም» ተብሎ ይሰናበታል። ይህ ሰው በማግሥቱም እንደ ትናንቱ ከጩኸት ይሸሻል፤ የሰውን ፊት አይቶ አሳቡን መረዳት ያቅተዋል፤ የሥራው ልማድ በድንገት ሲለወጥ ይታወካል። ለብዙ ዘመን ሌሎችን እየመሰለ መኖርን የለመደ እንደ ሆነም፣ በምርመራው ሰዓት ደኅና መስሎ መታየቱ ችግሩን ይሸሽግበታል።

በእንግሊዝ አገር ስለዚህ ነገር ሕግ ቆሞአል። በዚሁ አቈጣጠር የ2009 የኦቲዝም ሕግ መንግሥት ለዐዋቂዎች የሚሆን ዕቅድ እንዲያወጣ አዘዘ። የ2014 የእንክብካቤ ሕግ ደግሞ ማንም ዐዋቂ እርዳታ የሚያሻው መስሎ ሲታይ የአካባቢው አስተዳደር የሚጐድለውን እንዲመረምር ያዝዛል፤ የሐኪም ማስረጃም የግድ አይልም። የ2010 የእኩልነት ሕግም የሚመለከተው የችግሩን ስም ሳይሆን በዕለት ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ከባድና የቈየ ጉዳት ነው። ስለዚህ ሕጉ የሚመለከተው ሠራተኛ ጸጥ ያለ ስፍራ እንዲሰጠው፣ ትእዛዙም በጽሑፍ እንዲደርሰው አሠሪውን ሊጠይቅ ይችላል።

እንግዲህ በወሰን ላይ ነህ የተባለ ሰው ቃሉን እንደ መጨረሻ ፍርድ ቈጥሮ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም። ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበል፤ የሚያስቸግረውን ነገር በየቀኑ ይመዝግብ፤ ሌላ ሐኪም እንዲያየው ይጠይቅ፤ ጭንቀት ወይም እንቅልፍ ማጣት ካለበትም ለዚያው ሕክምና ይፈልግ።

ወረቀቱን የሚመረምር ሹምም፣ የሰውየውን ምሥጢር የሚሰማ የንስሓ አባትም፣ «ስሙ ማን ይባላል?» ከማለት አስቀድሞ «ምን ጐደለህ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ስሙን ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው፤ የጐደለውን መሙላት ግን የሁሉ ነው።