በርሜሉ ሲሰፋ ጠመንጃው አብሮ አይሰፋም

በጠመንጃ ወዳጆች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። ጥሩ ማውዘር በእጁ ያለ ሰው ለጎሽና ለዝሆን የሚሆን ሌላ ጠመንጃ መግዛት አያስፈልገውም፤ ጠባቡን በርሜል አስፈትቶ ሰፊ ካስገጠመ ያው ብረት ይበቃዋል ይባላል። ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የጀርመን ጦር በ1898 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተቀበለው ማውዘር ላይ ተመሥርተው የተሠሩ የከባድ አውሬ ጠመንጃዎች ከለንደንም ከጀርመንም ወጥተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም አሜሪካ ውስጥ በርካሽ የተሸጡ የወታደር ማውዘሮች በየጠመንጃ ሠሪው ቤት የአደን ጠመንጃ ሆነዋል። ስለዚህ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ ይቻላል ነው። ስሕተቱ ያለው «በርሜሉን ብቻ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ጠመንጃ በአንድ ጥይት ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ጥይቱ ሲወፍር የሚጠበው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም።

ልኩን እንመልከት። ማውዘር 98 የተሠራው ቀለሁ 57 ሚሊ ሜትር፣ ከነአረሩ 82 ሚሊ ሜትር ግድም ለሚረዝም ጥይት ነው። የጥይት መያዣው ርዝመት፣ ማቀባበያው ወደ ኋላ የሚሄድበት ርቀት፣ ቀለሁን ነክሶ የሚይዘው ጥፍር፣ ሁሉም የተሰሉት በዚህ ነው። በ1912 የወጣው ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 375 ማግነም ደግሞ ከነአረሩ 91 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ለእህል ጆንያ ምንም አይደለም፤ ለጠመንጃ ግን ጥይቱ መያዣው ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ነገሩን ጠንቅቀው የሚያውቁት የዘመኑ ባለሙያዎች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ሪግቢ ረጅም ጥይት ሲፈልግ ተራውን ማውዘር ከመሞረድ ይልቅ ለረጅም ጥይት የሚሆን ሌላ አካል ከማውዘር ፋብሪካ አሠርቶ አስመጣ። የበርሊኑ ኦቶ ቦክ ደግሞ በ1905 በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ጠመንጃውን አልነካም፤ ጥይቱን በጠመንጃው ልክ ሠራው። የእሱ 9.3 በ62 ቀለህ መቀመጫው ከወታደሩ ጥይት ጋር እኩል ነው፣ በተለመደው መያዣ ውስጥም ይገባል። በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩ ጀርመናውያን ሰፋሪዎች የወደዱትም ለዚህ ነው። አንዱ ጠመንጃውን ለጥይቱ፣ ሌላው ጥይቱን ለጠመንጃው አስማማ። ሁለቱን ሳያስማማ በርሜል ብቻ የለወጠ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ አርአያ የለውም።

«የድሮ ብረት አይበገርም» የሚለው ሁለተኛው እምነት ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ማውዘር 98 ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ የመጠባበቂያ ጥርስ ያለው፣ ቀለህ ቢፈነዳ ጋዙን ከተኳሹ ዓይን የሚያርቅ መተንፈሻ የተበጀለት ድንቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ባሩዱ ሲነድ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ግፊቱ በቀለሁ መቀመጫ ስፋት ሲባዛ የሚገኝ ነው። የወታደሩ ቀለህ መቀመጫ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ375ቱ 13.5 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ስፋት ግን በካሬ ስለሚያድግ ከሩብ በላይ ይጨምራል። በአውሮፓ ደንብ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊትም ለወታደሩ 7.92 በ57 ጥይት 3,900 ባር፣ ለ375ቱ 4,300 ባር ነው። ሁለቱ ሲባዙ መቀርቀሪያው ላይ የሚያርፈው ግፊያ በግምት 40 በመቶ ይበልጣል። ይህ ጭማሪ የሚመጣው ደግሞ ብረቱ በተቀነሰበት ሰዓት ነው። ወፍራሙ ቀለህ እንዲቀመጥ የመቀርቀሪያው ፊት ይቦረቦራል፤ ረጅሙ ጥይት እንዲገባ የታችኛው ጥርስ ከሚደገፍበት ብረት ኋላ ይሞረዳል። ሸክሙ ሲጨምር ምሰሶው ቀጠነ ማለት ነው።

የድሮው የማውዘር ብረት ሌላም ጠባይ አለው። ውስጡ ለስላሳ፣ ገጹ ብቻ በእሳት የጠነከረ ነው። ከመጠን በላይ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይፈነዳም፤ ጥርሶቹ ያረፉበት ቦታ በጥቂቱ እየተረገጠ ይጎደጉዳል። በመቀርቀሪያውና በቀለሁ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፣ ቀለሁ ይለጠጣል፣ አንድ ቀን ከመቀመጫው አጠገብ ይቀደዳል። «ሃያ ጥይት ተኩሼበታለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ሃያው ጥይት የጉዳቱ አካል ሊሆን ይችላልና።

እዚህ ላይ አዋቂ የሆነ ተከራካሪ ብልህ ጥያቄ ያነሣል። ግፊታቸው ዝቅተኛ የሆኑ ትልልቅ ጥይቶች አሉ፤ ለምሳሌ በ1911 የወጣው ሪግቢ 416 የሚፈቀድለት 3,250 ባር ብቻ ነው፣ ከወታደሩ ጥይት ያነሰ፤ ታዲያ እሱ ለአሮጌ ብረት አይሻልም ወይ? የሪግቢ ጥይት ግፊቱ የቀነሰው በሐሩር አገር ሙቀት የዘመኑ ባሩድ እንዳያስቸግር ነበር፣ ቅነሳው የተገኘውም ቀለሁን በማወፈር ነው። መቀመጫው 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስሌቱን ብንደግመው መቀርቀሪያው ላይ የሚያርፈው ግፊያ አሁንም ከወታደሩ ጥይት 30 በመቶ ያህል በልጦ ይገኛል፤ መቦርቦር ያለበት ብረትም ከ375ቱ ይብሳል። ዝቅተኛ ግፊት ማለት ቀላል ሸክም ማለት አይደለም።

ርዝመቱን ብቻ አሳጥረን ብንገላገልስ? ዊንቸስተር በ1956 ያወጣው 458 ማግነም ይህን ነበር ያሰበው፤ ቀለሁ 63.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ተራ ርዝመት ባለው ጠመንጃ ውስጥ ይገባል። ዋጋው ግን ተከፈለ። 32 ግራም የሚመዝነውን አረር በሰከንድ 650 ሜትር ያህል እንደሚያስፈነጥር ቢነገርለትም፣ ባሩዱ ጠባብ ቀለህ ውስጥ ተጠቅጥቆ ስለሚቀመጥ በተግባር የሚገኘው ፍጥነት ከተባለው አነሰ፤ የተጠቀጠቀው ባሩድ እየረጋ በአግባቡ የማይነድበት ጊዜም ነበር። ጃክ ሎት የተባለው አሜሪካዊ አዳኝ በ1971 ቀለሁን ወደ 71 ሚሊ ሜትር ያስረዘመው በዚህ የተነሣ ነው። የዛሬ ባሩድ ችግሩን በእጅጉ አቃልሎታል። ቢሆንም የቦታ ጥበቱ ከጠመንጃው ወደ ቀለሁ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም ነበር።

ስለ እርግጫ የሚነገረው ደግሞ «ትከሻ ይለምዳል» የሚል ነው። ትከሻ ይልመድ፤ እንጨት ግን አይለምድም። 4.2 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጠመንጃ የወታደሩን ጥይት ሲተኩስ 20 ጁል ገደማ ወደ ኋላ ይራገጣል። ያው ክብደት በ458 ጥይት 80 ጁል ይደርሳል፣ ማለትም አራት እጥፍ። ለመጀመሪያው ልክ የተጠረበ ሰደፍ ለሁለተኛው ሳይጠናከር ከቀረ ከማቀባበያው ኋላ ይሰነጠቃል። መያዣው ውስጥ ያሉት ጥይቶችም በእያንዳንዱ ተኩስ አፍንጫቸው ከፊተኛው ግድግዳ ጋር ይላተማል። ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ሲቀባበል የሚገባ ጥይት ጎሽ ሲመጣ በጥድፊያ ሲቀባበል ላይገባ ይችላል፤ የመያዣው ከንፈሮችና መወጣጫው ለወፍራሙ ቀለህ አልተበጁምና።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ጀርባ ያለው እምነት ግን የጥይት ውፍረት የመግደል ዋስትና ነው የሚለው ነው። በካራሞጃ ዝሆን በማደን ስሙ የገነነው ስኮትላንዳዊ ደብልዩ ዲ ኤም ቤል ከሺህ በላይ ዝሆኖች የገደለ ሲሆን፣ አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው። ሚስጥሩ የማይጠፈጠፍ ጠንካራ አረርና የዝሆንን የራስ ቅል አጥንት ለይቶ ማወቁ ነበር። ይህን ሰምቶ ትንሽ ጥይት ይበቃል ማለትም ሌላ ተረት ነው። ቤል ይተኩስ የነበረው በብዛት ገና ሰውን መሸሽ ባልለመዱ ዝሆኖች ላይ ነው፣ ያገኘውን አጋጣሚ የሚመርጠውም ራሱ ነበር። በቅርብ የሚመጣ የቆሰለ ጎሽ ምርጫ አይሰጥም፤ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ 375ን ዝቅተኛ ልክ ያደረጉትም ለዚህ ነው። ትልቅ ጥይት ጥቅም አለው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ጠመንጃው ያለ ጥርጥር ሲቀባበል፣ ተኳሹም እርግጫውን ሳይፈራ ሲያልም ነው፤ ያልተሟላ ቅየራ የሚነጥቀው እነዚህኑ ሁለቱን ነው።

በእንግሊዝና በጀርመን ሕግ እንዲህ የተለወጠ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት መንግሥት ወዳወቀው መፈተኛ ቤት ሄዶ ከመደበኛው በሩብ ያህል በሚበልጥ ግፊት ተተኩሶ ማኅተም ይመታበታል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ አስገዳጅ ፈተና ስለሌለ ኃላፊነቱ በሠሪውና በገዢው ላይ ይወድቃል። ነገሩ እኛንም በአንድ በኩል ይነካል። ከ2010ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ተሽጠዋል። በቀረርቶው ስማቸው የሚነሣ ውጅግራና ቤልጅግ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አርማ ያለባቸው ማውዘሮችም ይገኙባቸዋል። ብዙዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ዝገትና አቧራ የጠገቡ ናቸው። ማውዘሮቹን መለወጥ አዲስ በርሜል፣ የተበጀ መቀርቀሪያ፣ የረዘመ መያዣ፣ የተጠናከረ ሰደፍና የባለሙያ ምርመራ ይጠይቃል፤ ሒሳቡ ሲደመር ለ375 ተብሎ ከፋብሪካ የወጣ ጠመንጃ ዋጋ ላይ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። አርማው ያለበት ብረት ደግሞ ከተሞረደ በኋላ ሰብሳቢው የሚከፍልበት ዋጋ አይኖረውም።