ኃይሉ እንዴት እጇ ገባ? የጃፓን አስማተኛ ልጃገረዶች የመጀመሪያ ክፍሎች

በጃፓን ቴሌቪዥን የአስማተኛ ልጃገረዶች ካርቱን ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ባለታሪኳ ብዙውን ጊዜ ተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች፣ ከእናቷ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ከዚያ ባላሰበችው ቀን ከሰው አቅም በላይ የሆነ ኃይል እጇ ይገባል። ይህን ሁሉ መሸከም ያለበት የመጀመሪያው ክፍል ነው። ደራሲው በሃያ አራት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ልጅቷን አስተዋውቆ፣ ኃይሉን ሰጥቶ፣ ጠላቷን አሳይቶ ተመልካቹ በሳምንቱ እንዲመለስ ማድረግ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ኃይሉ ለምን ለዚህች ልጅ? የጥያቄው መልስ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል፤ የዘርፉን ታሪክ ለመከታተልም ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም።

መነሻው «አስማተኛዋ ሳሊ» ናት። ቶኤይ የተባለው ስቱዲዮ የሠራው ይህ ካርቱን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1966 ነው። የሥዕል ታሪኩን የጻፈው ሚትሱቴሩ ዮኮያማ እስከዚያ ድረስ ስሙ ይጠራ የነበረው ለወንዶች ልጆች በሣለው የግዙፍ ሮቦት ታሪክ ነበር። ሐሳቡን የቀሰቀሰው በዚያው ዓመት የጃፓን ተመልካች የወደደው «ቢዊችድ» የተሰኘ የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ፊልም ነው። ሳሊ የአስማት አገር ልዕልት ስለሆነች ኃይሉን የሚሰጣት ሰው አያስፈልጋትም፤ አብሯት የተወለደ ነው። የሰዎችን ዓለም ለማየት ጓጉታ ወደ ምድር ትወርድና ዮሺኮና ሱሚሬ ከተባሉ ልጆች ጋር ትወዳጃለች። የመጀመሪያዎቹ 17 ክፍሎች ጥቁርና ነጭ ነበሩ።

ከሳሊ ቀጥላ በ1969 የመጣችው አኮ ግን የሰው ልጅ ናት። የምትወደው መስታወት ሲሰበርባት እንደ ቆሻሻ አትጥለውም፤ አክብራ ትቀብረዋለች። የመስታወቱ መንፈስ በዚህ ልቡ ተነክቶ ወደፈለገችው ሰው የሚለውጣት ትንሽ የኪስ መስታወት ይሰጣታል። እዚህ ላይ ኃይሉ የደግነት ዋጋ ሆነ፤ ቤቷ ቁጭ ብላ የምታይ ልጅም «እኔም ላገኘው እችላለሁ» ብላ ማሰብ ቻለች። ነጋዴዎችም ነገሩ አላመለጣቸውም። በካርቱኑ የታየችው የኪስ መስታወት መጫወቻ ሆና ገበያ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ መስታወቱ፣ ዘንጉና የደረት ጌጡ ከታሪኩ እኩል የሚታሰብባቸው ዕቃዎች ሆኑ። የመጀመሪያው ክፍል ዕቃውን በደንብ ማሳየት የሚጠበቅበትም ለዚህ ነው።

በ1983 ፒዬሮ የተባለው ስቱዲዮ «ክሪሚ ማሚ»ን ሲያቀርብ ኃይሉ የጊዜ ገደብ ተበጀለት። የአሥር ዓመቷ ዩ ከሌላ ዓለም የመጣ የጠፈር መርከብ ችግር ላይ ወድቆ ታገኘዋለች፤ ለረዳችበት ውለታ ዘንግ ይሰጣታል፣ ሆኖም ለአንድ ዓመት ብቻ። በዘንጉ ከፍ ያለች ወጣት ትሆንና ስመ ጥር ዘፋኝ ይወጣታል። ድምፅዋን የሠራችው ታካኮ ኦታ በእውነተኛው ዓለምም አዲስ ዘፋኝ ስለነበረች፣ ልጆች በካርቱኑ የሰሙትን ድምፅ በመድረክም ያገኙት ነበር።

የዘርፉን መልክ የለወጠው ግን እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1992 የተላለፈው የ«ሴይለር ሙን» የመጀመሪያ ክፍል ነው። በናኦኮ ታኬውቺ የሥዕል ታሪክ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ዳይሬክተሩ ጁንኢቺ ሳቶ ናቸው። ኡሳጊ ጹኪኖ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። እንቅልፏን መተው ስላቃታት ትምህርት ቤት ታረፍዳለች፤ በመንገዷ ላይ ልጆች የሚያሠቃዩዋትን ጥቁር ድመት ታስጥልና ግንባሯ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ስታነሳላት የጨረቃ ቅርጽ ብቅ ይላል። በፈተና ያገኘችው ከመቶ 30 ነው። ወረቀቱን ጨምድዳ ስትወረውረው አንድ መንገደኛ ወጣት ላይ ያርፋል፤ እሱም ውጤቷን አንብቦ ይስቅባታል። እናቷ ውጤቱን ስታይ ከቤት ታስወጣታለች። ተመልካቹ ጀግናዋን የሚያውቃት በዚህ ሁሉ ጉድለቷ ነው።

ማታ ሉና የተባለችው ድመት መኝታ ቤቷ ገብታ በሰው ቋንቋ ታናግራታለች፣ የደረት ጌጥም ትሰጣታለች። በዚያው ሰዓት የጓደኛዋን የናሩን እናት መስሎ የጌጣጌጥ ሱቁን የያዘ ጭራቅ በጌጦቹ አማካይነት የገዢዎችን ጉልበት እየመጠጠ ነው፤ ናሩም አንገቷ ተይዟል። ኡሳጊ ትደርሳለች፣ ስሟን ጮክ ብላ ታስተዋውቃለች፣ ከዚያ ትፈራለች። ሲያጠቋት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ለቅሶዋ ራሱ የፀጉር ጌጧ አጉልቶት ጠላቶቿን ጆሯቸውን የሚያስይዝ ድምፅ ይሆናል። ጽጌረዳ የሚወረውር አንድ ጭምብል ለባሽ ያበረታታታል፣ ሉና ትመራታለች፣ እሷም የግንባር ጌጧን ወርውራ ጭራቁን ታጠፋለች። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች።

በዚህ ክፍል ውስጥ ትርፍ ነገር የለም። ፈሪ ልጅ ጀግና እንድትሆን ፍርሃቷን መጣል አላስፈለጋትም፤ እየፈራችም ጓደኛዋን አዳነች። ኃይሉ እዚህ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ፣ እሷም ግዴታውን በሙሉ ልቧ አትወደውም። በቡድን የሚዋጉ ጀግኖች ሐሳብ ከዚህ ካርቱን ጋር ወደ ዘርፉ ቢገባም የመጀመሪያው ክፍል ኡሳጊን ብቻዋን ነው የሚተዋት፤ ሁለተኛዋ ተዋጊ አሚ የምትመጣው በ8ኛው ክፍል፣ ሦስተኛዋ ሬይ ደግሞ በ10ኛው ነው። ተመልካቹ አንዷን ሳይወድ ሌላዋ አትጨመርበትም። ልብሷ በብርሃን የሚለወጥበት ትዕይንት አንዴ ተሥሎ ከሳምንት ሳምንት እየተደገመ ይታያል። ለስቱዲዮው ጊዜና ገንዘብ ቆጥቧል፤ ልጆቹ ደግሞ በጉጉት የሚጠብቁት ሥነ ሥርዓት ሆኖላቸዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት መልሱን በየራሳቸው አጣመሙት። በ1998 የጀመረው «ካርድካፕተር ሳኩራ» ላይ የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ ሳኩራ በአባቷ ቤተ መጻሕፍት ያገኘችውን መጽሐፍ ከፍታ የአንዱን ካርድ ስም ስትጠራ ካርዶቹ በነፋስ ተበትነው ይበርራሉ። የበተነች ትሰብስብ ተባለች፤ ኃይሏ የመጣው ከጥፋቷ ነው። በ1999ዋ «ኦጃማጆ ዶሬሚ» ደግሞ ዶሬሚ አንዲትን ባለሱቅ «ጠንቋይ ነሽ» ትላታለች። ማንነቷ የታወቀባት ጠንቋይ ወደ እንቁራሪት መሰል ፍጡር ስለምትለወጥ ልጅቷ ተለማማጅ ሆና ዕዳዋን መክፈል ግድ ይሆንባታል።

በፌብሩዋሪ 2004 የጀመረው «ፕሪቲ ኪዩር» ዘንጉን ትቶ ቡጢን አመጣ። ዳይሬክተሩ ዳይሱኬ ኒሺዮ ከዚያ በፊት «ድራጎን ቦል ዜድ»ን የመሩ ስለሆኑ የጠቡ ትዕይንት ክብደት አለው። ስፖርተኛዋ ናጊሳና የሳይንስ ክበቧ ሆኖካ የሚለወጡት እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው፤ አንዷ ብቻዋን አትችልም። የሴት ልጅ ካርቱን የግድ ለስላሳ መሆን አለበት የሚለውን ልማድ እንደዚህ ፊት ለፊት የሰበረ ጅማሬ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2011 የታየው የ«ማዶካ ማጊካ» የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ ተመልካቹ የለመደውን ሁሉ አንድ በአንድ ያቀርብና ዋናውን ይነፍጋል። አኪዩኪ ሺንቦ በመሩትና ጌን ኡሮቡቺ በጻፉት በዚህ ታሪክ ማዶካ ከሕልም ትነቃለች፣ ከእናቷ ጋር ጥርሷን ትቦርሻለች፣ የትኛውን ሪባን እንደምታስር ታማክራለች። አዲስ የመጣችው ተማሪ ሆሙራ ግን በትምህርት ቤቱ መተላለፊያ አስቁማ ቤተሰብሽንና ሕይወትሽን የምትወጂ ከሆነ እንዳለሽ ቆይ ብላ ታስጠነቅቃታለች። ቀጥሎ ኪዩቤ የተባለ ነጭ እንስሳ ቆስሎ ይለምናታል፤ ማዶካና ጓደኛዋ ሳያካም ተቆራርጦ የተለጠፈ ወረቀት በሚመስል ቅዠት ውስጥ ይጠፋሉ። ማሚ የምትባል ልጃገረድ በጠመንጃዎቿ ታድናቸዋለች። በመጨረሻ ኪዩቤ ከእኔ ጋር ውል ግቡና አስማተኛ ልጃገረዶች ሁኑ ይላቸዋል፤ ክፍሉም እዚያው ላይ ይቆማል። በመክፈቻው ዘፈን የአስማት ልብሷን ለብሳ የምትታየው ማዶካ 10ኛው ክፍል ከሚያሳያቸው ያለፉ የጊዜ መስመሮች በቀር፣ በታሪኩ ውስጥ ያንን ልብስ የምትለብሰው በ12ኛውና በመጨረሻው ክፍል ነው። ኃይሉ እዚህ ዋጋው ያልተነገረ ግብይት ሆኗል፤ ተመልካቹ የሚጨነቀውም ልጅቷ እሺ እንዳትል ነው።

ይህ ጭንቀት የሚሠራው ግን የቀደሙትን ላየ ሰው ነው። ሉና የሰጠቻትን ጌጥ ኡሳጊ ያለ ጥርጥር ስትቀበል ያላየ ሰው የኪዩቤ ጥያቄ ለምን እንደሚያስፈራ ሙሉ በሙሉ አይገባውም። ስለዚህ ዘርፉን ከዜሮ ለመጀመር ያሰበ አንባቢ፣ የቱንም ያህል ዝናው ቢስበው፣ ከ«ማዶካ» አይጀምር፤ መጀመሪያ የ1992ቱን የ«ሴይለር ሙን» ክፍል ይይ።